የአባዬ ልብና ቀይ ማህተም ያለበት ወረቀት

አባዬ አንድ ማታ ራት ላይ የተናገረኝ ነገር አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አልለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ ይመጣብኛል። ቢሮ ደረሰኝ እያገላበጥኩ ይመጣብኛል። ለእህቴ እንኳን በሙሉ አልነገርኳትም። ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ግን ከመሃል ተነስቼ ብጽፈው ምንም አይገባችሁም። ከልቡ ልጀምር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። መርካቶ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ሰፍቷል። ድሮ ሙሉ ልብስ ነበር የሚሰፋው። የተሰፋ ሱፍ በየሱቁ ሲሞላ ኑሮው ወደ ተማሪ ዩኒፎርም ዞረ። ስለዚህ ጳጉሜ ለእሱ ጦርነት ናት። ሰው የበዓል ዶሮ ዋጋ ሲጠያየቅ እሱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲንጀሩ ላይ ነው።

የታመመውም ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ዕለት ነው። የሰፈር ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየጨፈሩ ነበር። አባዬ ከሱቅ ቀደም ብሎ ገባ፤ ይሄ ራሱ ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር። ደረቱ መሃል ላይ ያቃጥለዋል። ላብ አጥምቆታል። «ጨጓራዬ ነው» አለ። እኛም ተስማማን። እማዬ አብሽ በጠበጠችለት። ጎረቤት መጥታ ወተት ይጠጣ አለች። ሌሊቱን ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ አደረ። ሆስፒታል የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት ነው። የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ያነሳው ልጅ ወረቀቱን አየ፣ ምንም ሳይለን ሐኪም ሊጠራ ሮጠ። የሩጫው ድምፅ ነው ጨጓራ አለመሆኑን የነገረኝ።

(እዚህ አገር ደረት ላይ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ደረቱን ይዞ ካላበው፣ እባካችሁ አብሹን ተዉትና ተነሱ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ ብናገር ማልቀስ እጀምራለሁ።)

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። «አባባ፣ ለልብዎ ደም የሚያመጣው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር» አለው። ለእኔ ኮሪደር ላይ ቀሪውን ነገረኝ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብንመጣ ኖሮ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ስቴንት (ቧንቧው እንዳይዘጋ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት) ማስቀመጥ ብዙ ጡንቻ ያተርፍ ነበር። አሁን ግን ሃያ ሰዓት አልፏል። የሞተው ሞቷል። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሳ፤ «ኢኤፍ 30 ነው» ተባልን። ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን ገፍቶ እንደሚያስወጣ የሚለካ ቁጥር ነው። የጤነኛ ሰው ከ50 በላይ ነው። የበሽታው ስም የልብ ድካም። ቃሉን ስሰማ ገረመኝ። አባዬ ሲደክመው እንኳን ደከመኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

## ከቨርጂኒያ የመጣው ፋይል

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። አባዬ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከችልኝ። የሚያምር ብሮሹር ነው። እስያ ውስጥ ያለ ክሊኒክ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ፈገግ ብሏል። ከዳሌ አጥንት መቅኔ ይቀዳል፣ ስቴም ሴሉ (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችለው) ይለያል፣ ልብ ውስጥ ይወጋል። ሴሎቹ አዲስ የልብ ጡንቻ ይሆናሉ። ጠባሳው ይጠፋል። በአምስት ቀን ወደ አገር መመለስ ይቻላል። ዋጋው 18 ሺህ ዶላር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ በደስታ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ነገር አገኘሁ። እህቴ 8 ሺህ አለች። ዱባይ ያለው ወንድሜ 4 ሺህ። እኔ የእቁባችንን ጸሐፊ ለምኜ ዕጣዬን አስቀደምኩ። ቀሪውን አባዬ የሱቁን ቁልፍ ሸጦ ሊሞላ ሆነ። አርባ ዓመት የሠራበት ሱቅ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ግን ምንም አልመሰለኝም።

ለአባዬ ያስረዳሁት ሱቁ ውስጥ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰማኝ።

«ከራሴ አጥንት ነው የሚወስዱት?»

«ከራስህ ነው፤ ባዕድ ነገር የለውም።»

«ከዚያ ልቤ ላይ ያኖሩታል።»

«አዎ።»

ትንሽ አየኝ። «እሺ» አለ። ወደ መቀሱ ተመለሰ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ሥራዬ ኦዲተር ነው። እንጀራዬ አለማመን ነው። የ300 ብር የነዳጅ ደረሰኝ ቀኑ ተፍቆ ከሆነ ሹፌር አስጠርቼ የምጠይቅ ሰው ነኝ። አባቴን አሳፍሬ ልልክ፣ ሱቁን ላሸጥ ስል፣ ያን ብሮሹር አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

## የማይገጥም ስም

የነቃሁት በሳይንስ አይደለም። የነቃሁት በክፍያ መጠየቂያ ነው። ክሊኒኩ የቅድሚያ ክፍያ ኢንቮይስ ላከ። ተቀባዩ ድርጅት ስሙ ከክሊኒኩ ስም ጋር አይገጥምም። አድራሻውም ሌላ አገር ነው። ይህን ዓይነት ነገር ሳይ እጄ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ብሮሹሩን ከፈትኩና እንደ ሒሳብ መዝገብ ከታች ጀመርኩ፤ ከግርጌ ማስታወሻው።

ግርጌው ላይ አንድ ጥናት ተጠቅሷል። ዘ ላንሴት፣ 2011። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ላንሴት ትልቅ የሕክምና መጽሔት ነው፤ ስሙን እኔም አውቀዋለሁ። ርዕሱን ገልብጬ ፈለግኩት። ወረቀቱ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች፣ ገጹን ሰያፍ አቋርጦ፣ በቀይ ትልልቅ ፊደል አንድ ቃል አለ፤ ተሰርዟል። ቀጣዩን ገጽ ከፈትኩ። ተሰርዟል። የሚቀጥለውም። ዋጋ ያጣ ቼክ ላይ እኛ የምንመታው ማህተም ይመስላል።

መጽሔቱ በ2014 በጥናቱ ላይ ስጋት እንዳለው አስጠንቅቋል። በ2019 ጨርሶ ሰርዞታል። ብሮሹሩ የታተመው በ2021 ነው። ቀኑን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ስህተት ቢሆን ፈልጌ ነበር።

ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። አባዬ ክፍሉ ውስጥ ያስላል፤ የልብ ድካም ሳል ሲተኙ ይብሳል። እያንዳንዱ ሳል ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ስልኩን መዝጋት ፈለግኩ። እውነቴን ነው፤ ባላየሁ ብዬ ተመኘሁ። ገንዘቡ ተሟልቷል። ሁሉም ደስ ብሎታል። አንድ የተሰረዘ ወረቀት ምን ያመጣል፣ ሌላ ጥሩ ጥናት ይኖር ይሆናል አልኩ። አንድ ደንበኛ እንዲህ ብሎ ሲከራከረኝ ስንት ጊዜ በውስጤ ስቄበታለሁ።

አልዘጋሁትም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ያነበብኩት ግን ከአንድ ክሊኒክ በላይ የሆነ ታሪክ ነው።

## አይጦቹ

የልብ ጡንቻ እንደ ቆዳ አይደለም። ቆዳ ይሽራል፣ ጉበት ተቆርጦም ያድጋል። የልብ ጡንቻ ከሞተ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም። ደሙን የሚገፋው የግራው ክፍል ከ2 እስከ 4 ቢሊዮን የጡንቻ ሴል አለው። ከባድ ሕመም በጥቂት ሰዓት እስከ 1 ቢሊዮኑን ሊገድል ይችላል።

ጭራሽ አይተካም ማለት አይደለም። ይህን ያወቁበት መንገድ በጣም ነው የገረመኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኃያላኑ አገሮች አየር ላይ የኑክሌር ቦምብ ሲሞክሩ በከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ነገር በዛ። በ1963 ሙከራው በስምምነት ሲገደብ መቀነስ ጀመረ። ያ ካርቦን በምግብ በኩል የሁላችንም ሴል ውስጥ ገብቷል። ስቶክሆልም ያሉት ዮናስ ፍሪሰንና ባልደረቦቹ በ2009 ይህን እንደ ቀን ማህተም ተጠቅመው የልብ ሴሎችን ዕድሜ አነበቡ። በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት 1 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። በ75 ዓመት ላይ ይህ ወደ 0.45 በመቶ ይወርዳል። አባዬ ያኔ 67 ዓመቱ ነበር። የሞተበትን በዚህ ፍጥነት ሲተካ መገመት ለኔ ከባድ አልነበረም፤ ካልኩሌተር አለኝ።

ስለዚህ በ2001 የወጣው ዜና ምን ያህል እንዳስፈነደቀ ይገባኛል። አሜሪካ ውስጥ ዶናልድ ኦርሊክ፣ ፒዬሮ አንቨርሳና ባልደረቦቻቸው ልባቸው የተጎዳ አይጦችን የአጥንት መቅኔ ሴል ወጉ። ኔቸር በሚባለው መጽሔት ላይ የጻፉት እንዲህ ይላል፤ በ9 ቀን ውስጥ ከተጎዳው ክፍል 68 በመቶውን አዲስ ጡንቻ ሞላው። ዘጠኝ ቀን! በዚያው ዓመት ጀርመን ዱሰልዶርፍ ውስጥ አንድ የ46 ዓመት ታማሚ የራሱ መቅኔ ልቡ ውስጥ ገባለት። አይጡ ገና ሳይጣራ ሰው ተራ ያዘ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በ2004 ሁለት ሌሎች የአሜሪካ ቡድኖች፣ አንዱ ሲያትል አንዱ ስታንፎርድ፣ ያንኑ ሙከራ ደገሙት። ሴሎቹ ላይ ምልክት አድርገው የት እንደሚደርሱ ተከተሏቸው። የልብ ጡንቻ አልሆኑም። ሁለቱም ውጤት እዚያው ኔቸር ላይ ታተመ።

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ታማሚዎች ላይ የሚደረገው ሙከራ ቀጠለ። ጡንቻ ባይሆኑም ይጠቅማሉ ተባለ። ሃኖቨር በ60 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በስድስተኛው ወር ኢኤፍ ጥሩ ጨመረ፣ በ18ኛው ወር ግን ልዩነቱ ጠፋ። ፍራንክፈርት በተመራው የ204 ሰዎች ጥናት በጥቂት ነጥብ ጨመረ። ኖርዌይ ላይ ምንም አልጨመረም። በመጨረሻ ሕይወት ያተርፋል ወይ የሚለውን ለመቁረጥ አውሮፓ ውስጥ 3000 ሰው የሚይዝ ጥናት ታቀደ። የተገኘው 375 ብቻ ነው። በዚያ ቁጥር ስለ ሞትና ሕይወት መፍረድ አይቻልም።

የአንቨርሳ ቤተ ሙከራ በበኩሉ ሌላ ነገር ይዞ ቀጠለ፤ ልብ ራሱ ውስጥ ስቴም ሴል አለ አለ። የብሮሹሩ ግርጌ ላይ ያለው የ2011ዱ ጥናት በዚህ ሴል የተሠራ ነው። ሌሎች ሲፈልጉት ያ ሴል የልብ ጡንቻ የሚሆነው እጅግ ከስንት አንዴ ነው። በ2017 ቤተ ሙከራው የነበረበት ብሪገም ሆስፒታልና እናት ድርጅቱ የምርምር ገንዘብ የተገኘው በተጭበረበረ መረጃ ነው የሚለውን ክስ ለመዝጋት ለአሜሪካ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በጥቅምት 2018 ሃርቫርድና ብሪገም ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ፤ ሐሰተኛ ወይም የተፈበረከ መረጃ አለባቸው ብለው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይሄኛው እስኪቀል አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ።

## ትርፉ ያማረ መዝገብ

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የማጭበርበሩ ታሪክ አይደለም። አንድ አጭበርባሪ አንድ አጭበርባሪ ነው። የያዘኝ በ2014 የእንግሊዝ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ሐኪሞች የሠሩት ነገር ነው። እነሱ አንድም ታማሚ አልነኩም። የሠሩት የኔን ሥራ ነው።

በልብ ላይ የተደረጉ 49 የመቅኔ ሴል ሙከራዎችን ሪፖርት ሰብስበው ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያዩ። ሁለት ነገር ተጽፎ ሁለቱም እውነት ሊሆን የማይችል ከሆነ አንድ ግድፈት ብለው ቆጠሩ። ከ600 በላይ አገኙ። ከዚያ ግድፈቱን ከውጤቱ ጋር አሰለፉት። ግድፈት ያልተገኘባቸው ሙከራዎች የኢኤፍ ጭማሪ ዜሮ ነው፤ እንዲያውም ከዜሮ ትንሽ በታች። ግድፈቱ ሲበዛ ጭማሪውም ይበዛል። ከ30 በላይ ግድፈት ያለባቸው አማካይ ጭማሪ 7.7 ነጥብ።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ «አይ!» አልኩ። በእኛ ሥራ ትርፉ ከልክ በላይ ያማረ መዝገብ ቀድሞ ይከፈታል። እዚህም ያው ነው። ሒሳባቸው የገጠመላቸው ሰዎች ምንም አላገኙም። ያገኙት ሒሳባቸው ያልገጠመላቸው ናቸው።

ሁሉም ዋሽተው ነው? አይመስለኝም። ብዙ የተዝረከረከ መዝገብ አይቻለሁ፣ ሌባ ግን ጥቂት ነው ያየሁት። አብዛኛው ሰው ድምሩ የሚፈልገው ጋ ሲደርስ መደመር ያቆማል፣ ያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስበት ደግሞ ይደምራል። ሲበዛለት ቡና ይጠጣል። ልብ ሐኪም በየቀኑ ኮሪደር ላይ ቆሞ «የሞተው ሞቷል» ከሚል ይልቅ ሌላ ነገር ማለት አይፈልግም? ያ ወጣት ሐኪም ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ነው የተከለው።

በ2019 ደግሞ ከሲንሲናቲ አንድ ሥራ ወጣ፤ የጄፍ ሞልከንቲን ቡድን ነው። አይጦች ላይ ሴል ሲወጋ ልቡ በጥቂቱ ይሻለዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን አቀዝቅዘው ያቀለጡት፣ የሞተ ሴል ሲወጉም ያው ይሻለዋል። የሚሠራው ሴሉ ሳይሆን ሰውነት ለተወጋው ነገር የሚሰጠው የቁጣ (የብግነት) ምላሽ ነው፤ የጠባሳውን ዙሪያ ያጠነክረዋል። እኛ ለሞተ ሴል ሱቅ ልንሸጥ ነበር ማለት ነው።

## ያ ማታ

ለአባዬ የነገርኩት ሐሙስ ማታ ነው። ራት ሽሮ ነበር፣ ጨው የሌለበት። ሐኪሙ ከከለከለው ጀምሮ አባዬ ሽሮን እንደ መድኃኒት ነው የሚውጠው። እማዬ ወጥ ቤት ገባች። የተሰረዘውን ጥናት ቢሮ አትሜው ነበር። በከለር።

«አባዬ፣ ያ ሕክምና አይሆንም።»

ጉርሻውን ጨረሰ። «ገንዘቡ አልሞላም?»

«ሞልቷል። ሕክምናው ራሱ ነው ያልሆነው።» ወረቀቱን ሰጠሁት።

እጁን ጠረገና ተቀበለኝ። እንግሊዝኛ ብዙም አያነብም። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው፤ ጨርቅ ሲገዛ ሽመናውን እንደሚያየው። ጣቱን ቀዩ ፊደል ላይ አደረገ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«ያሳተመው መጽሔት ራሱ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን አጥፎ አጠገቡ አስቀመጠው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ይቅርታ አልኩት። ተስፋህን ወሰድኩብህ ዓይነት ነገር አልኩ፤ ቃሉን በትክክል አላስታውሰውም። የእሱን ግን አስታውሳለሁ።

«እኔ እኮ እሺ ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው። ያ ወረቀት ከመጣ ወዲህ መሳቅ ጀምረሽ ነበር።»

ይሄ ነው። ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ይሄ ነው።

ከዚያ እንጀራ ቆረሰ። «ይሄ ሽሮ ትንሽ ጨው ቢገባበት ግን ምን ይላቸዋል?» አለ። እማዬ ከውስጥ ሰምታ «አንተ ሰውዬ!» አለች።

የሚሰምጥ ሰው አረፋ ይጨብጣል እንላለን። ስለ ታማሚ ስንናገር ሁልጊዜ የምንጠቅሳት ናት። እኔ ግን ከዚያ ማታ ወዲህ እየሰመጠ የነበረው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አባዬ አልነበረም። አባዬ ልቡ ምን እንደሆነ ኮሪደር ላይ ሳይነገረው ያውቅ ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ ይነግረዋል። አረፋውን የጨበጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ ናት። ሱቁን ሊሸጥ የተስማማው ለእኛ ፈገግታ ሊከፍል ነው። 18 ሺህ ዶላር የእኛ የማስታገሻ ዋጋ ነበር።

እና እነዚያን ሳይንቲስቶች ከዚያ በኋላ መኮነን ከበደኝ። መረጃ የፈበረከውን አይደለም፤ እሱን ሕግ ያውቅለታል። የምለው ሌሎቹን ነው፤ የ2004ቱን ውጤት አይተው «ግን ምናልባት» ያሉትን። እኔም ስምንት ሰዓት ሌሊት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ «ግን ምናልባት» ብያለሁ። ልዩነታችን ኢንቮይሱ ላይ ያለው ስም ነው። ስሙ ገጥሞ ቢሆን ኖሮ እልከው ነበር።

እንዲያውም አንዳንዴ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አባዬ እውነቱን ነው የነገረኝ? ወይስ ሳለቅስ ሲያይ ሸክሙን ሊያቀልልኝ በዚያች ቅጽበት የፈጠረው ነው? ሰውዬው ይችልበታል። የተበላሸ ስፌት ደንበኛው ፊት «እንዲህ ነው ፋሽኑ» ብሎ ሲያስወጣ አይቼዋለሁ። ጠይቄው አላውቅም።

## መጣፊያ

ሱቁ አልተሸጠም። የእቁቡ ብር ለአንጂዮግራፊና ለምርመራ ሄደ። እህቴ 8 ሺውን በየጊዜው መድኃኒት አደረገችው፤ ሰው በመጣ ቁጥር በሻንጣ ይመጣል። አባዬ ጠዋት ጠዋት ኪኒኖቹን የክር ማስቀመጫው ቆርቆሮ ክዳን ላይ ይደረድራል። ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲን። ለስኳር ተብሎ ተሠርቶ ለልብ ድካም የጠቀመው ዳፓግሊፍሎዚን ደግሞ አለ። አንዳቸውም ብሮሹር የላቸውም። ባለፈው ኢኮ ኢኤፉ 38 ሆኗል። ጳጉሜ ላይ ግን ዩኒፎርም ለሌላ ሰው ያካፍላል፤ ይህን ለማሳመን ከሳይንሱ በላይ ፈጅቶብኛል።

ስለ ስቴም ሴሉ ማንበቤን አላቆምኩም። ከ2001 ጋር የማይመሳሰል ሥራ አለ። ሺንያ ያማናካ የተባሉት ጃፓናዊ አንድ ተራ የሰውነት ሴል ወደ መጀመሪያው፣ ገና ምንም ወዳልሆነበት ሁኔታ እንደሚመለስ አሳይተው በ2012 ኖቤል ተሸልመዋል። ከዚያ ሴል የሚመታ የልብ ጡንቻ ማሳደግ ይቻላል፤ ሳህን ላይ ሲመታ በዓይን ይታያል። ኦሳካ በጥር 2020 ከዚህ የተሠራ ስስ ንጣፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ታማሚ ልብ ላይ ተደረገ። ጀርመን ጎቲንገን ደግሞ ቮልፍራም ሁበርተስ ሲመርማንና ባልደረቦቹ ወፈር ያለ ቁራጭ ይሠራሉ። መጀመሪያ ጦጣዎች ላይ አዩት። ቀጥለው የ46 ዓመት ሴት ልብ ላይ ሰፉት፤ 400 ሚሊዮን ሴል። ሴትዮዋ ከሦስት ወር በኋላ የሌላ ሰው ልብ ተተካላት፣ የወጣውን ልብ ቆርጠው አዩ። መጣፊያው በሕይወት አለ፣ የደም ሥርም ገብቶበታል። በጥር 2025 ታተመ።

ይህን ለአባዬ ሳወራለት መቀሱን አስቀመጠ። ስለ መቅኔው ስነግረው ያላየሁበት ዓይን መጣ።

«ሰፉት ነው የምትይው? በምን?»

«በመርፌና በክር ነው መሰለኝ አባዬ።»

«ዙሪያውን ነው ወይስ መሃሉንም?»

አላውቅም። ኦዲተር ነኝ።

«አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ አሮጌ ላይ አይጣፍም» አለ። «ሲሰበሰብ ይስበዋል። ዳሩን ይቀደዋል። ዝርጋታውም መግጠም አለበት፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከተሳበ ጉድ ነው።»

የሚገርመው ፈተናቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሲያትል ውስጥ ጦጣዎች ልብ ላይ እንዲህ ዓይነት ሴል ሲወጋ ጡንቻው በቅሎ ነበር፤ ግን ለጊዜው የልባቸው ምት ተዛባ። አዲሱ ጡንቻ በራሱ ጊዜ ይመታል፣ አሮጌውን አይጠብቅም። ደግሞ ሴሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ሰውነት እንዳይገፋው የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ግድ ነው። ይህን ነገርኩት።

ሌላ ነገር ነው የጠየቀኝ። «ሴትዮዋ ልብ አገኘች አልሽ።»

«አገኘች።»

«የሰጣትስ ሰው?»

«እሱማ ሞቶ ነው አባዬ።»

«ነፍሱን ይማር» አለ፣ ወደ ሲንጀሩ ዞረ።

አሁን ሱቁ በሄድኩ ቁጥር «ጀርመኖቹስ?» ይለኛል፣ አንድ የምናውቀው ዘመድ እንዳለን ሁሉ። «እየሞከሩ ነው» እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስገባ ግን አልጠየቀኝም፤ የሸሚዝ ኮሌታ እየቆረጠ ነበር። ጨርቁ ላይ ያስቀመጠው የኮሌታ ልክ ያብለጨልጫል። አነሳሁት። ብሮሹሩ ነው። ለዘመድ እንዳሳይ ያኔ አሳትሜው ነበር፣ ወዴት እንደገባ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ከአፍንጫው በታች ብቻ ቀርቷል፣ ፈገግታው አለ።

«መልሺው» አለኝ አባዬ፣ «ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም።»